ገመዱ ሲነቀል የማይቆም ክላውድ፦ ከሶርስ ኮድ ተክሎ ማስኬድ በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ የአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል የት እንደሚቀመጥ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ከፊሉ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከፊሉ ኃላፊው ቴሌግራም ውስጥ ነው። የቀረው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ ሲዛወር የሁለት ዓመት ሪፖርት አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ሰው ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል።

ትንሽ ሻል ያለው ቢሮ ጎግል ድራይቭ ይጠቀማል። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጥቂት ጊዜ ይበቃል። ሲሞላ ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ብሩ ቢኖረው እንኳ የውጭ ካርድ ከየት ያመጣል? ነጻ የተባለውም ነገር እንደነጻ አይቀጥልም። ጎግል ለትምህርት ተቋማት ያለ ገደብ ይሰጠው የነበረውን ማከማቻ እንደሚያቆም በ2021 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። ለአንድ ተቋም የሚፈቀደውን መነሻ በድምሩ 100 ቴራባይት አደረገው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መቋረጡ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ፋይሉ ውጭ አገር ያለ ሰው በእነዚያ ወራት ፋይል አልነበረውም ማለት ነው።

የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ክላውድ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ አይከብድም። በግቢያችሁ ያለ አንድ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆናል። የጎግል ድራይቭን ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር ይጫንበታል። ሠራተኛው በቢሮው ዋይፋይ ወይም በኬብል ይገባበታል። ፋይል ያስቀምጣል፣ ያጋራል፣ የተሳሳተውን ትቶ የቆየውን ቅጂ መልሶ ያወጣል። የውጭው ኢንተርኔት ቢጠፋም የግቢው ኔትወርክ እስካለ ድረስ ሥራ አይቆምም።

እንዲህ መሆን ነበረበት። በተግባር ግን በቢሮ ውስጥ የተተከለ ሰርቨርም ውጭው ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆማል። ሰው የሚገርመው ይሄ ነው። ምክንያቱን ስትፈልጉት ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ በደርዘን ክር ከውጭ ጋር ታስሮ ታገኙታላችሁ። የአድራሻ ስሙን ከውጭ ይጠይቃል። ሰዓቱን ከውጭ ያስተካክላል። እውነተኛነቱን ለብራውዘር የሚያረጋግጥበትን ሰርተፍኬት ከውጭ ያሳድሳል። ሲበላሽም ጥገናውን ከውጭ ያወርዳል። ከሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ከጻፉት መነሻ ጽሑፍ፣ ተነስቶ መትከል ድካም አለው። እኔ ድካሙ ይገባዋል የምለው እነዚህን ክሮች አንድ በአንድ ወደ ግቢ ለማስገባት ከሆነ ነው። ለሌላ ዓላማ ከሆነ ዝግጁ ፓኬጁን አውርዶ መጫን ይቀላል፤ ያንኑ እመክራለሁ።

ኮዱ በእጅ መኖሩ ምን ይጠቅማል?

የእነዚህ ሶፍትዌሮች ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። ኦውንክላውድ የተባለውን የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር ፍራንክ ካርሊችክ የተባለ ጀርመናዊ በ2010 እ.ኤ.አ. ጀመረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከድርጅቱ ጋር ተለያየ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ከባልደረቦቹ ጋር ኔክስትክላውድ ብሎ በሌላ መንገድ ቀጠለ። ኦውንክላውድም በበኩሉ አልሞተም። ኢንፊኒት ስኬል የሚባል አዲስ ትውልድ «ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈ። መሠረቱ ሬቫ የተባለ ሥራ ሲሆን የበለጸገውም በስዊዘርላንዱ የፊዚክስ ምርምር ተቋም በሰርን ነው። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ካይትወርክስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ኦውንክላውድን ገዛው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ በጀርመኑ ሃይንላይን ቡድን ሥር ኦፕንክላውድ የሚባል ሌላ ቅርንጫፍ ከዚያው ኮድ ወጣ።

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ድርጅት ተሸጠ፣ ተዘጋ፣ ስም ተቀየረ። ፋይሉን በዚያ ሶፍትዌር ያስቀመጠ ቢሮ ግን በአንድም ለውጥ ከሜዳ አልቀረም። ኮዱን የያዘ ሰው ሻጩ ቢጠፋ አብሮ አይጠፋም። መንዝ ላይ የገብስ ዘሩን በጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ ገበያ ቢዘጋም ይዘራል፤ ጉዳዩ እንደዚያ ነው።

መንግሥታትም ይህን አይተው እየገቡበት ነው። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 30,000 የሚሆኑ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ክፍት ሶፍትዌር ለማዞር ወሰነች። በማይክሮሶፍት የሰነድ ማጋሪያ በሼርፖይንት ቦታ ኔክስትክላውድ ገባ። የእነሱ ችግር የኢንተርኔት መቆራረጥ አይደለም። በሌላ አገር ድርጅት ላይ ሙሉ በሙሉ መንጠልጠል አሳስቧቸው ነው።

ግንባታው ምን ይመስላል?

ሁለት ዓይነት ነው። ኔክስትክላውድ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ዋናው ሰርቨር ኮምፓይል አይደረግም፤ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ አያስፈልገውም። ኮዱን የለውጥ ታሪኩን በሚይዘው መሣሪያ በጊት ታወርዳላችሁ። «ሦስተኛ ወገን» ተብሎ ለብቻው የተቀመጠውን ክፍል ትጨምራላችሁ። የድረ ገጽ ሰርቨሩን አፓችን፣ ዳታቤዙን ማሪያዲቢን ወይም ፖስትግሬስን፣ ጊዜያዊ ማከማቻውን ሬዲስን ታዘጋጃላችሁ። እዚህ ላይ ሥራው ክፍሎቹን ማገናኘት ነው።

ኢንፊኒት ስኬልና ኦፕንክላውድ ግን በእውነት ይገነባሉ። ጊት፣ ሜክ፣ የሲ ኮምፓይለር፣ ጎ፣ ኖድ እና ፒኤንፒኤም የሚባሉ የግንባታ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ኮዱ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ የተረጋጋውን እትም መምረጥ አለባችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። በጊት ላይ መጀመሪያ የሚወርደው ቅርንጫፍ ገንቢዎቹ ዛሬ ጠዋት የነካኩት ሊሆን ይችላል። ለተጠናቀቀ እትም ወደተሰጠው ባለ ቁጥር ምልክት (ታግ) ተሻገሩ። ቀጥሎ ሁለት ትእዛዝ አለ። የመጀመሪያው በሜክ በኩል የመግቢያ ገጹንና የድረ ገጹን ገጽታ ያዘጋጃል። ሁለተኛው ጎውን ኮምፓይል ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ፋይል ይወጣል። አንድ ብቻ። ዳታቤዝ አይፈልግም፣ አፓች አይፈልግም።

ያ ፋይል መጀመሪያ ሲነሳ ማዋቀሪያውን ይጽፋል፤ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ በስክሪን ላይ ያሳያችኋል። ያኔውኑ ካልያዛችሁት ችግር ነው። የሰርተፍኬት ምርመራ ይጥፋ ወይ ብሎም ይጠይቃል። ለሙከራ «አዎ» ማለት ይቻላል። ለሥራ ግን አይሆንም። አገልግሎቱ በ9200 ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) ይከፈታል። በዚያው ማሽን ኢላስቲክሰርች የተባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ካለ እሱም ፖርቱ 9200 ስለሆነ ይጋጫሉ፤ አንዱን ቀይሩ።

አሁን ወደ ክሮቹ እንምጣ። ሰው ሶርስ ኮድ አውርጃለሁ ሲል ሁሉም በእጁ የገባ ይመስለዋል። ግንባታውን ስታስነሱ ግን ኖድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፓኬጆችን ኤንፒኤም ከተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ማውረድ ይጀምራል። ጎ ሌሎችን ይፈልጋል። ከዚያም አልፎ ጎ ከ1.21 እትም ጀምሮ አዲስ ጠባይ አለው። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው የጎ እትም እናንተ ጋር ካለው ከበለጠ፣ አዲሱን የጎ መሣሪያ ራሱ ከኢንተርኔት ሊያመጣ ይሞክራል። ኮኔክሽን ከሌለ ግንባታው እዚያ ላይ ይቆማል። መሣሪያው «ባለህ ሥራ» የሚባልበት ማስተካከያ አለ፤ ትክክለኛውን እትም አስቀድሞ አምጥቶ እሱን ማብራት ይሻላል። የጎ ፓኬጆችንም «ቬንደር» በሚባለው ዘዴ ከኮዱ ጎን በፎልደር ማስቀመጥ ይቻላል። የኖዶቹም ማከማቻ ተገልብጦ ይቀመጣል።

ስለዚህ ግንባታው የተሳካው ፋይሉ ሲወጣ ነው ብዬ አላስብም። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላችሁ፣ የተገነባውን አጥፍታችሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ስትገነቡ ከወጣ ያን ጊዜ ኮዱ የእናንተ ነው። ይህን ሙከራ በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ይቀላል፤ ቀን ሲጨልም አዲስ ነገር መማር ከባድ ነው።

የማሽን አቅምም ይታሰብበት። ሰርቨሩ ለማስኬድ ትንሽ ሚሞሪ ይበቃዋል። ለመገንባት ግን የገጽታው ክፍል ብዙ ጊጋባይት ራም ይበላል፤ ከጠበበው ሚሞሪ አለቀ ብሎ መሃል ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ጥሩ ነው። በሁሉም ቢሮ መገንባት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጠንካራ ማሽን ይገነባል። የወጣው አንድ ፋይል በፍላሽ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል። ከፋይሉ ጋር ሻ 256 የሚባለው የማረጋገጫ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይላክ። ደርሶ ሲሰላ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አይጫንም። ፍላሽ በመንገድ ላይ የስንቱን ኮምፒውተር ቫይረስ እንደሚሰበስብ እናውቃለን።

ክፍት ኮድ ማለት የተፈተሸ ኮድ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ኦፕን ሶርስ ስለሆነ አስተማማኝ ነው የሚል አባባል በብዛት ይሰማል። ሁለት ክስተቶች ይህን ያርማሉ።

የመጀመሪያው የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ሶፍትዌር ነው፤ በሊኑክስ ሁሉ ይገኛል። መጋቢት 20 ቀን 2016 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞቹ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር እንዳለ ይፋ አደረገ። ያገኘው ወደ ሰርቨር የመግባቱ ሥራ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ ዘግይቶበት ነው። ያን ኮድ ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በጎ ፈቃደኛ መስሎ ሲሠራ፣ እምነት ሲያተርፍ ቆይቶ ነበር። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። የጓሮ በሩን የሚያስነሳው ወሳኝ ክፍል በጊት ላይ አልነበረም። የነበረው ለማውረጃ በተጠቀለለው የሶርስ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱም ሶርስ ኮድ ይባላሉ፤ ግን እኩል አልነበሩም። ከቻላችሁ ከጊት ታግ ገንቡ። የተጠቀለለ ፋይል ከወሰዳችሁ ከጊቱ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛው በራሱ በኦውንክላውድ ላይ የደረሰ ነው። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ከ10 ነጥብ ሙሉውን 10 የክብደት ደረጃ ተሰጠው። የኦውንክላውድ አንድ ተጨማሪ መተግበሪያ የሌላ ሰው ኮድ አብሮ ይዞ ነበር። በዚያ ኮድ ውስጥ ለሙከራ የተጻፈ አንድ ትንሽ ፋይል ቀርታለች። ያቺን ፋይል በብራውዘር የጠራ ሰው የሰርቨሩን ውስጣዊ መረጃ ያያል። በኮንቴይነር (ሶፍትዌሩን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬድ ዘዴ) በተጫኑት ላይ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ጭምር ይታይ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አላስገባትም። የሙከራ ፎልደር ሳይጠረግ ወደ ሥራ ገባ፤ በቃ። ከሶርስ የሚገነባ ሰው የማይፈልገውን ክፍል ሳይነካ የመተው፣ የሙከራ ፎልደርን የማጥፋት፣ ሁሉንም ተጨማሪ መተግበሪያ ያለመጫን ዕድል አለው። ዕድሉን ካልተጠቀመበት ግን አደጋው ያው ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም ደኅንነቱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሆስፒታል ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ይዞታ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ካለ «እኛ ገጠር ነን» ማለት አያድንም።

ስም፣ ሰርተፍኬት፣ ሰዓት

ሰርቨሩን የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ ትልልቅ ነገሮች አይደሉም።

ሰርተፍኬቱን እንውሰድ። አብዛኛው ሰው ነጻውን ሌትስ ኢንክሪፕትን ይጠቀማል። ጥሩ ነገር ነው። ዕድሜው ግን ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ ለማሳደስም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ለአራት ወር ከጠፋ ሰርተፍኬቱ በመሃል ይሞታል። ሰርቨሩ ሳይነካ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ማመሳሰያም ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ለውስጥ አገልግሎት ቢሮው የራሱን ሰርተፍኬት ሰጪ ቢያቋቁም ይሻላል። ቁልፉ ከኔትወርክ በራቀ ማሽን ወይም በፍላሽ ሆኖ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ይህን ሰጪ እንዲያምን ይደረግ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

ስሙም እንደዚያው ነው። ኢንፊኒት ስኬል የመግቢያ ሥርዓቱን ከተመዘገበው አድራሻ ጋር ያስራል። በማዋቀሪያው ላይ ከተጻፈው ስም ሌላ፣ ለምሳሌ በቁጥር አድራሻ፣ ብትገቡ መግቢያው እምቢ ይላል። ስሙን የሚተረጉመው ሰርቨር ውጭ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ስሙ አይገኝም። ዲኤንኤስማስክ የመሰለ ትንሽ ሶፍትዌር በግቢ ውስጥ ይህን ይፈታል።

ሰዓት ደግሞ የማይጠረጠር ጠላት ነው። አሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪው ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር ሰርተፍኬቱን «ገና አልጀመረም» ይለዋል፤ የፋይሎችም ቅደም ተከተል ይዛባል። ሰርቨሩ ራሱ ለግቢው ሰዓት እንዲያድል አድርጉት። የባትሪዋ ዋጋ ትንሽ ነው፤ አሮጌዎቹን ሁሉ ቀይሩ።

የአማርኛ ፋይል ስም

ይህ ክፍል በውጭ መመሪያዎች ላይ አይገኝም፤ ለእኛ ግን ዕለታዊ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚወክለው ደረጃ በዩኒኮድ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ደግሞ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ 255 ፊደል ማለት ነው። ለአማርኛ 85 ብቻ።

መሥሪያ ቤቶቻችን ፋይል እንዴት እንደሚሰይሙ አስቡ። «የ2016 በጀት ዓመት የሰሜን ሸዋ ዞን የጤና መምሪያ የአራተኛ ሩብ ዓመት የአፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ ተስተካክሎ የተላከ» ቢባል 57 የግዕዝ ፊደል አለው። ከቁጥሩ፣ ከክፍት ቦታውና ከቅጥያው ጋር 195 ባይት ይሆናል። የወረዳውና የፈራሚው ስም ሲጨመርበት ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ካረሙት ደግሞ ማመሳሰያው «የተጋጨ ቅጂ» የሚል ጽሑፍ ከቀንና ከሰዓት ጋር ይለጥፍበታል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ስሙ ምንም ችግር የለበትም። ኔክስትክላውድ ግን ፋይሉን በዚያው ስሙ በሊኑክስ ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ አይገባለትም። ሠራተኛው ፋይሉ ለምን እንዳልሄደ አይገባውም። «ሰርቨሩ አይሠራም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ለእሱ አልሠራለትም። መድኃኒቱ የስም አሰጣጥ ደንብ ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ፣ የክፍሉ አጭር ስም፣ የጉዳዩ ሁለት ሦስት ቃል። የቀረው በፎልደር ይገለጽ።

ፍለጋም ተመሳሳይ እንቅፋት አለው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች በስክሪን አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያያቸው እንደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በይዘት ፍለጋ አይገኙም። ወደ ዩኒኮድ ማዞር ወይም አትሞ ስካን አድርጎ ቴሴራክት በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ማስነበብ ያስፈልጋል፤ ቴሴራክት የአማርኛ ሞዴል አለው። እኔ ብሆን ከአምስት ዓመት ወዲህ ባለው ሰነድ ጀምሬ አሮጌውን ቀስ እላለሁ።

ብርዱ፣ ከፍታው፣ መብራቱ

ደብረ ብርሃን ብርዷ ለሰርቨር ተስማሚ ነው ሲባል እሰማለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,840 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ግን ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀትን ከማሽኑ እንደልብ አያወጣም። የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለመደበኛ ሰርቨር ክፍል የሚያስቀምጠው ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው። ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ሲሰላ ወደ 28 ዲግሪ ተኩል ይወርዳል። ክፍሉ መስኮት ካለው ችግር የለም። ሰርቨሩ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ ግን 28 ዲግሪ ሩቅ አይደለም።

መንዝ ላይ ነገሩ ይለወጣል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ብዙ የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ ነው የሚመረቱት። በእነዚህ ዲስኮች ውስጥ የንባቡ ጭንቅላት በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ የመንካት አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ለመንዝ ቢሮዎች የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ይገዛ። ዋጋው ቢበልጥም ያለፈ ፋይል ከማጣት ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳ ሞቃት ናት። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ማራገቢያ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ በጨረታ መግዛት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

መብራቱን ሁላችን እናውቀዋለን። የባትሪ መደገፊያ መግዛት ብቻውን አይበቃም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ መገናኘት አለባቸው። ለትንሽ ቢሮ ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ መነሻ ሰርቨር ቢሆን አያሳፍርም። መደገፊያው በውስጡ አለ።

የትኛው ይሻላል?

ይጠየቃል፤ መልሴ ይኸው። ለመገንባትና በፍላሽ ለማድረስ ኢንፊኒት ስኬልና ኦፕንክላውድ ይቀላሉ። ሁሉም ነገር በተበላሸ ቀን ግን ኔክስትክላውድ ይሻላል። ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ሊኑክስ ኮምፒውተር ብትሰኩት ፋይሎቹ በስማቸው፣ በፎልደራቸው ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ኢንፊኒት ስኬል በመደበኛ አቀማመጡ ይዘቱን በመለያ ኮድ ስለሚያስቀምጥ ያለ ሶፍትዌሩ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) መረጃውንና የመረጃውን መግለጫ አብሮ መያዝ አለበት። ኦፕንክላውድ ፋይሎቹን እንደ ተራ ፎልደር የማስቀመጥ አማራጭ አለው። ሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ ስለሚሰጥ እኔን የሚስበኝ እሱ ነው። ገና ወጣት መሆኑን ግን ግምት ውስጥ አስገቡ።

ኔክስትክላውድን የመረጠ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ከትልቅ እትም ወደ ትልቅ እትም መዝለል አይቻልም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው። ለሁለት ዓመት የተተወ ሰርቨር በየደረጃው የሚስማማውን ፒኤችፒ እየፈለገ መውጣት አለበት። ሳይታደስ የቆየ ሰርቨር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይፈራዋል፣ አይነካውም፣ ቀዳዳውም እየበዛ ይሄዳል።

ማን ይያዘው?

የሰርቨር ትልቁ አደጋ ተካዩ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ይተክለዋል። ፓስወርዱ እሱ ጋር ነው፣ አሠራሩ በእሱ ጭንቅላት ነው። አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል። ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጥፋቱ ሥራውን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የጣለው አሠራር ነው። ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ መለኪያው ሰርቨሩ መሥራቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ያልተከለው ሰው የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ በባዶ ማሽን ላይ እንደገና ገንብቶ ባክአፑን ሲመልስ ፊርማው ይፈረም። ክፍያም ካለ ያኔ ይከፈል።

ይህን በየወረዳው ለብቻ መሸከም ይከብዳል። የእኔ ሐሳብ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የዞኑ ማከማቻ ቢሆን ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አሉት። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚገናኝበት የትምህርትና የምርምር ኔትወርክም አለ። የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ሠልጣኞች ደግሞ ወረዳ ድረስ ወርደው የመትከልና የመጠገን ልምምድ ሊያደርጉበት ይችላሉ። ለመመረቂያ ከሚሠሩና መደርደሪያ ላይ ከሚቀሩ ፕሮጀክቶች ይልቅ ይሄ ሥራ ለተማሪውም ለዞኑም ይጠቅማል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ቡድን የተረጋጋውን እትም ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን ያትማል፣ በዲስክ ለወረዳዎች ይልካል። ከፍተኛ ቀዳዳ ሲሰማ ሩብ ዓመቱ ሳይጠበቅ ይላካል።

በዚያ ዲስክ ላይ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም። የሶፍትዌሩ ኮድ ከነጊት ታሪኩ። የጎና የኖድ መሣሪያዎች ከነፓኬጆቻቸው። የተገነባው ፋይል ከነማረጋገጫ ቁጥሩ። የሊኑክስ መጫኛና የማደሻ ፓኬጆች። የስም፣ የሰዓትና የሰርተፍኬት ትንንሾቹ ሶፍትዌሮች። ለዊንዶውስና ለስልክ የሚሆኑ ማመሳሰያዎች። በአማርኛ የተጻፈ የመትከያ መመሪያ፣ በወረቀትም ታትሞ። አብዛኛው ቢሮ ባለው 256 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ ሁሉ ገብቶ ቦታ ይተርፋል።